የአሜሪካና የጃፓን መካከለኛ አውቶሞቢሎች፦ በዋጋውም በጉልበቱም የሚያዋጣው የትኛው ነው?

ባለአራት በር

ሰላም ለሁላችሁ። ከ2013 እስከ 2019 ባለው ሞዴል ውስጥ ያገለገለ መካከለኛ አውቶሞቢል ልገዛ ነው። ያጨኋቸው አራት ናቸው፦ ቶዮታ ካምሪ 2.5፣ ሆንዳ አኮርድ፣ ፎርድ ፊውዥን እና ሼቭሮሌት ማሊቡ። ዓመቱና የነዱት ኪሎ ሜትር እኩል ሆኖ ሁለቱ አሜሪካኖች በግልጽ ይረክሳሉ፤ ብዙ ጊዜም የውስጥ ዕቃው የተሟላው የእነሱ ነው። መኪናው በዓመት 25,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ግማሹ ከተማ ግማሹ ረጅም መንገድ። ዳገቱም ከፍታውም የበዛ ነው። አምስት ዓመት ይዤው ልሸጠው ነው ሐሳቤ።

«ጃፓን ግዛና ተገላገል» የሚለውን ምክር ጠግቤዋለሁ፤ የምፈልገው ምክንያቱን ነው። የትኛው ሞተር ከየትኛው ካምቢዮ ጋር ሲሆን ነው ችግር ያለው? ቀድሞ የሚሄደውስ ምኑ ነው? በግዢ ያተረፍኩት ገንዘብ በነዳጅና በጥገና ተመልሶ ይሄዳል ወይስ ኪሴ ይቀራል?

ቴስታታ

ወንድሜ፣ በባንዲራ ከጀመርከው መልሱ ይጠፋብሃል። የሻሲ ቁጥሩን የመጀመሪያ ምልክት እይ። 1፣ 4 ወይም 5 ከሆነ መኪናው የተገጣጠመው አሜሪካ ነው፤ 2 ካናዳ፣ 3 ሜክሲኮ፣ «ጄ» ደግሞ ጃፓን። ለአሜሪካ ገበያ የሚወጣው ካምሪ ከ1988 ጀምሮ በብዛት የሚገጣጠመው ኬንታኪ፣ ጆርጅታውን ነው። አኮርድም ከ1982 ጀምሮ ኦሃዮ ውስጥ ሜሪስቪል ይሠራል። የፊውዥን ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ በ3 ይጀምራል፤ ሜክሲኮ ማለት ነው። ስለዚህ ልዩነቱን የምትፈልገው ሞተሩና ካምቢዮው ላይ ነው፣ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ከፊውዥን እንነሳ፤ ብዙ ዓይነት ሞተር ስላለውና ሰው ሁሉ አንድ አድርጎ ስለሚያወራው። ተርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) የሌለው 2.5 ሊትር 175 የፈረስ ጉልበት አለው። የሞተሩ ዘር ከማዝዳ ነው፤ አሜሪካዊ ብለህ የምትገዛው መኪና ልቡ ጃፓናዊ መሆኑ ነው። ኢንጀክተሩ ቤንዚኑን የሚረጨው ከቫልቩ ውጭ ስለሆነ ቫልቩ ይታጠባል፣ ካርቦን አይከማችበትም። ታይሚንጉ በካቴና ነው፣ ካምቢዮው ባለ 6 ማርሽ ተራ አውቶማቲክ። አይቸኩልም፣ ትንሽም ይጠጣል፤ ነገር ግን ደንግጠህ የምትቆምበት ነገር የለውም።

1.5 ሊትር ተርቦው (ኢኮቡስት የሚሉት) ሌላ ታሪክ ነው። ብሎኩ አናት ላይ፣ በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ባለው ቀጭን ግድግዳ ላይ፣ የማቀዝቀዣ ውኃ የሚያልፍበት ቦይ ተቆርጧል። ቦዩ የቴስታታው (ብሎኩ ላይ የሚከደነው የሞተሩ አናት) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሁለቱ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ የሚያርፍበትን ቦታ ጠባብ ያደርገዋል። ሞተሩ ሲሞቅና ሲበርድ፣ ሲሞቅና ሲበርድ ጓርኒሲዮኑ መያዝ ያቅተውና ውኃው ወደ ሲሊንደር ይገባል። ጓርኒሲዮን ብቻ መቀየር አያድነውም፤ ቦዩ እዚያው ነው። ትክክለኛው ጥገና ንድፉ የተሻሻለ ብሎክ ማስገባት ነው፣ ማለትም የሞተር ዋጋ። እስከ 2019 ባሉት ይህን ጠብቅ። ከ2017 እስከ 2019 የወጣው 2.0 ተርቦም በዚሁ በሽታ ይታወቃል። በ2013 እና 2014 የገባውን 1.6 ተርቦ ደግሞ ጨርሶ እለፈው፤ ከመጠን በላይ ሞቆ ቴስታታ በመሰንጠቁ ለጥገና የተጠራ ሞተር ነው።

ማሊቡ ከ2013 እስከ 2015 ተርቦ የሌለው 2.5 ሊትር፣ 197 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበረው። ከ2016 ጀምሮ 1.5 ተርቦ ሆነ፣ 160 ገደማ። እስከ 2018 ካምቢዮው ባለ 6 ማርሽ ነው፤ ከ2019 ጀምሮ ሲቪቲ (ቋሚ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ ካምቢዮ) ገባበት። የዚህ ሞተር ደካማ ጎን ፒስተኑ ነው። በዝቅተኛ ዙር ጠንከር አድርገህ ስትረግጠው ካንዴላው ሳይተኩስ ቤንዚኑ ቀድሞ ሊነድ ይችላል፤ በዚያ ምት በቀለበቶቹ መካከል ያለው ቀጭን ጠርዝ ይሰነጠቃል። መከላከያው ዘይቱ ነው። ዴክሶስ 1 ሁለተኛ ትውልድ ወይም ኤፒአይ ኤስፒ ተብሎ የተጻፈበት መሆን አለበት፤ እነዚህ ዘይቶች ካልሲየማቸው ተቀንሶ የተቀመሙት ለዚሁ ችግር ነው። «ዘይት ዘይት ነው» የሚል ሰው የነዳውን ማሊቡ አትግዛ።

ካምሪ እስከ 2017 ባለው ቅርጹ 178 የፈረስ ጉልበትና ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮ አለው። ከ2018 ጀምሮ 203 እና ባለ 8 ማርሽ፤ አዲሱ ሞተር በሲሊንደር ውስጥም ከቫልቩ ውጭም የሚረጩ ሁለት ዓይነት ኢንጀክተሮች ስላሉት ካርቦኑን ራሱ ያጥባል። እንከን የለሽ ግን አይደለም። የውኃ ፓምፑ ያፈስሳል (ፓምፑ ዙሪያ የደረቀ ሮዝ ቅርፊት ፈልግ)። ከ2012 እስከ 2014 ባሉት ከ40 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሄድ፣ ቤንዚን በስሱ ተረግጦ ሳለ፣ የመንቀጥቀጥ ስሜት ካለ የቶርክ ኮንቨርተሩ (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ክፍል) መቆለፊያ ነው። ከ2018 እስከ 2020 ባሉት ደግሞ የፋብሪካው የነዳጅ ፓምፕ የጥገና ጥሪ ስላለ መከናወኑን አረጋግጥ።

የጃፓን ስም ብቻውን እንደማያድን ለማወቅ ከ2007 እስከ 2009 የወጣውን የካምሪ 2.4 ሞተር አስታውስ፤ የፒስተኑ የዘይት መመለሻ ቀዳዳ እየተደፈነ ዘይት ይጠጣል። ከ2013 እስከ 2016 የወጣው ኒሳን አልቲማም አለ፦ ሲቪቲው በመበላሸቱ ፋብሪካው ዋስትናውን እስከ 84 ወር ወይም 84,000 ማይል ለማራዘም ተገድዷል። እኔን ከጠየቅከኝ ፊውዥን 2.5 ከዚያ አልቲማ ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ሚኒሞ

ከላይ የተጻፈውን አብዛኛውን እቀበላለሁ፤ ግን ጠያቂው ከፍታና ዳገት ብሏል፣ ይህ ተዘሏል።

ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ሲሳሳ የሚስበው ኦክስጅን ስለሚያንስ። 2,400 ሜትር ላይ ሩብ ገደማው ሄዷል ማለት ነው። የካምሪው 203 ወደ 155 አካባቢ ይወርዳል፣ የፊውዥን 2.5 ወደ 133። ፊውዥኑ ደግሞ 1,550 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አምስት ሰውና ዕቃ ጭነህ ዳገት ላይ ከባድ መኪና ለመቅደም 133 ጉልበት ይዘህ ስትወጣ ታውቀዋለህ። ተርቦው ግን ኮምፒውተሩ ግፊቱን ከፍ አድርጎ የጎደለውን አየር ስለሚሞላው የሚያጣው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ተርቦው ይበልጥ ይሠራል፣ ይበልጥ ይሞቃል፤ ጉልበቱ ግን አለ።

ወረቀት ላይ ያለው የፈረስ ጉልበትም ያታልላል። የ2018 ካምሪና የማሊቡ 1.5 ተርቦ ከፍተኛ ቶርካቸው (የማሽከርከር ኃይላቸው) እኩል ነው፣ 250 ኒውተን ሜትር። ካምሪው ግን እዚያ የሚደርሰው በ5,000 ዙር ነው፤ ማሊቡው 2,500 አካባቢ። በከተማ ውስጥ 5,000 ዙር የሚነዳ የለም። ክብደቱም ሰዎች ከሚያስቡት ተቃራኒ ነው፦ ማሊቡ 1.5 ከ1,400 ኪሎ ብዙም አይርቅም፣ ካምሪው 1,500 ገደማ ነው። «አሜሪካ መኪና ከባድ ነው» የሚለው ከሰባዎቹ የቀረ ወሬ ነው።

ጉልበት ዋናው ጉዳይ ከሆነ አኮርድ 2.0 ተርቦ ከ2018 እስከ 2022፣ 252 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 10 ማርሽ ተራ አውቶማቲክ፤ ከአራቱ ስሞች ውስጥ ሞተርና ካምቢዮው እንዲህ የተስማማለት የለም። የማሊቡ 2.0 ተርቦ 250 ይሰጣል፣ ከ2017 ጀምሮ ባለ 9 ማርሽ ነው፣ ዋጋው ከአኮርዱ ይወርዳል። ሁለቱም ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ሲያገኙ ነው ደስ የሚላቸው። ካላገኙ ኮምፒውተሩ ማቀጣጠሉን ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ነዳጁ ይጨምራል።

ማዝዳ 6ን ለምን እንደረሳችሁት አልገባኝም። ተርቦ የሌለው 2.5፣ 184 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 6 ማርሽ ተራ ካምቢዮ፣ ሲቪቲ የለ። መሪው ከሁሉም ይበልጣል። ከፍታው እሱንም ይነካዋል፣ እንግዲህ።

ባለአራት በር

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ነገር ቀረኝ። ፊውዥን 2.5 ነው ወይስ 1.5 የሚለውን ኮፈን ሳልከፍት፣ በማስታወቂያ ፎቶ ብቻ እንዴት ልለይ? አኮርድ 1.5 ተርቦስ፣ የጃፓን ስለሆነ ከፊውዥኑ 1.5 ይሻላል? ሃይብሪዱን ያነሳም የለም።

ቴስታታ

የሻሲ ቁጥሩን ላክልኝ በለው። ከግራ ስምንተኛዋ ምልክት ሞተሩን ትነግርሃለች፦ 7 ከሆነ 2.5 ነው፤ «ዲ» 1.5 ተርቦ፤ «አር» 1.6 ተርቦ፤ 9 ደግሞ 2.0 ተርቦ። ቁጥሩን የማይልክ ሻጭ ራሱ መልስ ነው።

አኮርድ 1.5 ተርቦ ከፊውዥኑ ይሻላል፣ ግን ዓይንህን ጨፍነህ የምትገዛው አይደለም። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ችግር እሱም አለበት፤ ልዩነቱ እዚያ ጓርኒሲዮን ቀይሮና ቴስታታውን አስተካክሎ መዳን መቻሉ ነው። ሌላው፣ በብርድ ቦታ አጭር አጭር ጉዞ ከበዛ ያልነደደ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የዘይት መለኪያውን ስትመዝዝ ደረጃው ከላይኛው ምልክት አልፎ፣ ሲሸተት ቤንዚን ቤንዚን ካለ እሱ ነው። ረጅም መንገድ ለሚነዳ ሰው ብዙም አያሰጋም፤ ዘይቱ ሲግል ቤንዚኑ ይተናል። ከ2013 እስከ 2017 ያለው 2.4 ግን፣ 185 የፈረስ ጉልበት፣ ከሁለቱም የተረጋጋ ሞተር ነው። ጠዋት ሲነሳ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ «ክርርር» ካለ የካምሻፍቱ ማስተካከያ ማርሽ ነው፤ ያስከፍላል እንጂ መንገድ ላይ አያስቀርም።

ተርቦ 1.5 (የሁለቱንም) ስታይ አደራህን በዚህ ቅደም ተከተል እይ። ጠዋት፣ ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ በርዶ ሳለ ሂድ፤ ሻጩ «ቀድሜ አሙቄልሃለሁ» ካለህ ሌላ ቀን ተመለስ። እጅህን ራዲያተሩ ላይ አድርገህ አረጋግጥ። የውኃ ማጠራቀሚያውን ደረጃ ፎቶ አንሳ። ሞተሩ ሳይነሳ ስካነር ሰካና የተቀመጡትንም በመጠባበቅ ላይ ያሉትንም ኮዶች አንብብ፤ ከፒ0300 እስከ ፒ0304 የመሳት (ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑ በትክክል ሳይነድ ሲቀር የሚመጡ) ኮዶች ናቸው፣ ፒ0217 ከመጠን በላይ ሙቀት። ምንም ኮድ የለም ግን የፍተሻ ዑደቶቹ «አልተጠናቀቁም» ካለ ትናንት ተሰርዞልሃል። ከዚያ አስነሳ። በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ የሚሠራበት ዙር) ከተንቀጠቀጠና ከማርሚታው ጣፋጭ የሚሸት ነጭ ጭስ ከወጣ ውኃ እየገባ ነው። ደህና ከሆነ 40 ደቂቃ ንዳው፣ ዳገትም ይኑርበት፤ ሙሉ በሙሉ ሲበርድ ደረጃውን ከፎቶው ጋር አስተያይ። የትም ሳያፈስስ ከቀነሰ ውስጥ እየጠጣው ነው።

ጥርጣሬ ካደረብህ መካኒኩ የውኃ ግፊት መሞከሪያውን ክዳኑ ላይ በተጻፈው ልክ ነፍቶ ሌሊቱን ያሳድረው። በነጋታው ካንዴላዎቹን አውጥቶ በካሜራ ሲሊንደር ውስጥ ይይ። ከአራቱ ፒስተኖች አንዱ አናቱ ታጥቦ ካበራ፣ ሌሎቹ ጥቁር ሆነው ሳለ፣ የተበላው ሲሊንደር እሱ ነው።

ዘጠነኛ ማርሽ

ሃይብሪድ ላይ ልግባ። ካምሪ ሃይብሪድም ፊውዥን ሃይብሪድም ካምቢዮአቸው «ኢ-ሲቪቲ» ይባላል፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ የአልቲማው ዓይነት የብረት ቀበቶና ፑሊ የለበትም። የፕላኔት ማርሽ (እርስ በርስ እየተዟዟሩ የሚሠሩ ማርሾች) እና ሁለት ኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። የሚንሸራተት ነገር ስለሌለ ዕድሜው ረጅም ነው። የፊውዥን ሃይብሪዱ ሞተር 2.0 ያለ ተርቦ ስለሆነ ከላይ ከተወራው የብሎክ በሽታ ነፃ ነው፤ አጠቃላይ ጉልበቱ 188። እዚያ የምታዳምጠው ከካምቢዮው በፍጥነት ልክ የሚጨምር ማጉረምረም ካለ ነው፤ ውስጥ ያለ ኩሽኔታ ማለት ነው፣ ካምቢዮው ሳይፈታ አይቀየርም። በካምሪው ደግሞ የባትሪው ማቀዝቀዣ አየር የሚገባበት የኋላ ወንበር አካባቢ ያለው ቀዳዳ በአቧራና በምንጣፍ ፀጉር እንዳልተደፈነ እይ። ባትሪን የሚገድለው ከዓመቱ ይልቅ ሙቀቱ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ዋጋ በየአገሩ ስለሚለያይ በሊትር እናስላው፤ ያኔ የትም ያለ ሰው በራሱ ዋጋ ያባዛዋል። በአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መለኪያ፣ ከተማና ረጅም መንገድ ተቀላቅሎ፣ በ1 ሊትር ገደማ፦ የ2018 ካምሪ 13.6 ኪሎ ሜትር፣ የ2017 እና ከዚያ ወዲህ ያለው ፊውዥን 2.5 ደግሞ 10.6። በ25,000 ኪሎ ሜትር ካምሪው 1,838 ሊትር፣ ፊውዥኑ 2,358 ሊትር ይጠጣል። ልዩነቱ በዓመት 520፣ በአምስት ዓመት 2,600 ሊትር። ስለዚህ ዛሬ በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከ2,600 ሊትር ቤንዚን ዋጋ ካልበለጠ ፊውዥኑ አላተረፈህም።

ነገሩ የሚገለበጠው በአሮጌዎቹ ነው። ከ2013 እስከ 2016 ፊውዥኑ 11.05 አካባቢ፣ የዚያ ዘመን ካምሪ 11.9። ልዩነቱ በዓመት 160 ሊትር ብቻ፣ በአምስት ዓመት 800። የካምሪ ስም ግን በአሮጌውም ላይ ያንኑ ዋጋ ያስከፍላል። ፊውዥን ዋጋው የሚወድቀው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለሆነ፣ ብዙው ውድቀት የተፈጸመው በመጀመሪያው ባለቤት ኪስ ነው፤ አንተ ስትሸጠው የሚቀርህ ኪሳራ አነስተኛ ነው። ስለዚህ የእኔ ፍርድ፦ እስከ 2016 ከሆነ ፊውዥን 2.5፣ ከ2018 ወዲህ ከሆነ ካምሪ። ማሊቡ 1.5 ባለ 6 ማርሹ 12.75 ስለሚሄድ በነዳጅ መሃል ላይ ነው፤ የዘይት ደረሰኝ ካለው ብቻ ግባበት። ሃይብሪዶቹ እስከ 22 (ካምሪ 2018) እና 17.9 (ፊውዥን) ናቸው፤ አስላው።

ሚኒሞ

«አነስተኛ ኪሳራ» የሚለው ገዢ ካገኘህ ነው። ካምሪ በሳምንት ይሸጣል፤ ፊውዥን ገዢ እስኪመጣ ይቆማል። ለመሸጥ የሚቸኩል ሰው ያንን በዋጋ ነው የሚከፍለው። መለዋወጫም እንዲሁ፦ ፍሬን ሸራ፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ ለአራቱም ይገኛል። የኋላ መብራት፣ የበር እጀታ፣ የኤሌክትሪክ መሪ ሳጥን ላይ ስትደርስ ግን ለአሜሪካኖቹ ትጠብቃለህ። ከመግዛትህ በፊት እነዚህን ሦስቱን ስልክ ደውለህ ጠይቅ፣ መልሱን ከዋጋው ቀንስ።

ሲቪቲ ከገዛህ ደግሞ ዘይቱ ላይ አትቀልድ። ለሆንዳ ኤችሲኤፍ-2፣ ለኒሳን ኤንኤስ-3፤ «ለሁሉም ይሆናል» የሚለው አይሆንም። አንድ ጊዜ ሲቀዳ የሚወጣው ከጠቅላላው ግማሽ ያህሉ ስለሆነ በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየሩ ብዙ አይደለም። የካምሪው ባለ 6 ማርሽ እስከ 2017 ያለው የላይ መለኪያ የለውም፤ የሚለካው ዘይቱ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ሲሆን፣ መኪናው በደልዳላ ቦታ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ የታችኛውን ቡሽ ከፍቶ ጠብ ጠብ ሲል በማየት ነው። ሙቀቱን ሳይለካ የሞላልህ መካኒክ አጉድሎታል ወይም አትርፎታል።

ቴስታታ

ፊውዥን 2.5 ልትወስድ ከሆነ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ከ2013 እስከ 2016 ባሉት የማርሽ ገመዱ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዝበት ትንሽ ቡሽ (የፕላስቲክ ማያዣ) በሙቀትና በእርጥበት ይሰባበራል። ገመዱ ይላቀቅና ማንሻው «ፒ» ላይ ሳለ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ማርሽ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ቁልፉን ነቅለህ ስትወርድ መኪናው ይንከባለላል። ፋብሪካው ለዚህ ጥሪ አድርጓል፤ በሻሲ ቁጥሩ መከናወኑን እይ። አልተሠራም ከተባለ ኮፈን ከፍተህ ገመዱ ካምቢዮው ላይ ካለው ክንድ ጋር የተያያዘበትን ጫፍ በጣትህ ወደ ላይ ገፋ አድርገው። ጠብቆ መቀመጥ አለበት፤ ከተንቀዠቀዠ ወይም በዙሪያው የተፈረካከሰ ፕላስቲክ ካየህ እስኪቀየር ድረስ ያለ እጅ ፍሬን አታቁመው።